ባሕር ዛፍ ወይስ ቱቦላሬ?

በአምቦ መንገድ ከሆለታ ወዲያ ያለው አገር ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው። እዚያው ዛፉ ሥር የሚኖረው ገበሬ ግን አሁን አሁን ቤት ሊሠራ ሲነሣ ጊንጪ ወይም አምቦ ወርዶ ቱቦላሬና ላሜራ ጭኖ ይመለሳል። ለምን ስትሉት «ብረት አይበሰብስማ!» ይላችኋል። በዚህ ነገር ከዘመዶቼ ጋር በየበዓሉ እንከራከራለን፤ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በመጀመሪያ እንጨት ስንል የትኛውን እንጨት ነው? ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ ጠፍቶ ነበርና። በኋላ ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ሲደርስ ዝውውሩ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ሥራም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢያችን ቤት ቋሚውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም ባሕር ዛፍ ነው። አያቶቻችን «ምስጥ አይደፍረውም» እያሉ የሚመኩበት ጥድ ሌላ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም የጭሊሞ ደንን ጥድ ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው የለም። ስለዚህ የዛሬው ምርጫ በብረትና በባሕር ዛፍ መካከል ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ምስጥ ይበላዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ግን የት ነው የሚበላው? አሮጌ ጭቃ ቤት ሲፈርስ ቀርባችሁ እዩ። የቋሚው የላይኛው ክፍል ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሚስማር እንኳ እየተጣመመ ነው የሚገባበት። ዝቅ ብላችሁ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በቢላ ጫፍ ብትነኩት ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የተበላሸው አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ በዚያች ስንዝር ምክንያት ቤቱ ሁሉ ያዘነብላል። እርጥበትና አየር አብረው የሚገኙት እዚያ ነው፤ ምስጡም የሚወጣው በዚያ ነው። የድሮ አናጢዎች ይህን ስለሚያውቁ የቋሚውን እግር በእሳት ይለበልቡት ነበር፤ የዛሬዎቹ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። ከሁሉም የሚሻለው ቋሚውን ጭራሽ አለመቅበር ነው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ሠርቶ እሱ ላይ ማቆም፣ የጣሪያውን ክፈፍ ደግሞ ረዘም አድርጎ ዝናቡን ከግድግዳው ማራቅ።

ብረቱም የሚታመመው እዚያው እግሩ ላይ ነው። ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በረት ውስጥ አቁማችሁ የከብት ሽንትና እበት ሲጠጣ ቢከርም፣ ዝገቱ ከታች ጀምሮ ይወጣዋል። በያጁ ሲበይድ ያቃጠለውን ቀለም መልሶ አንቲረስት ካልቀባው መገጣጠሚያው ሁሉ በር ይከፍትለታል። የውስጡን ዝገት ደግሞ ማንም አያየውም። እንጨት ሲያረጅ ያዘነብላል፣ ይንቋቋል፣ ያስታውቃል፤ ስስ ብረት ግን ቀለሙ እንዳማረ ነው የሚከዳው።

የአፈሩን ነገር ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ጊንጪ ዙሪያ ያለው መረሬ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ብሎኬት ያቆመ ሰው ግድግዳው ከማዕዘን ማዕዘን ሲተረተር ያያል። የብረት ምሰሶም ቢሆን ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት ካልተሞላ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ በሩ አልዘጋ ይላል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን አብሮ ይተጣጠፋል፤ ስንጥቁን ከጤፍ ጭድ ጋር በቦካ ጭቃ መምረግ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው በየመንደሩ አለ። በያጅ ግን መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ጄኔሬተርና ቤንዚን ይፈልጋል። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። ባሕር ዛፉ ግን ከጓሮ ነው፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ጭቃ ቤት ሲባል ፊታችን የሚጨልመውስ? ይሄ የይሉኝታ ጉዳይ ነው፤ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ የሚሄድ አባት «ቤቱ በብረት ነው» ማለት ያምረዋል። አልፈርድበትም።

ብረት የሚበልጥበትን ቦታም አውቃለሁ። ወደ ባኮ፣ ወደ ወለጋ በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱም ምስጡም ይብሳል፤ እዚያ ብረት የመረጠውን ሰው አልከራከረውም። መሐሉ ላይ ምሰሶ የማይፈልግ ሰፊ መጋዘን ወይም የትራክተር መጠለያ ሲሆንም እንዲሁ፤ ስምንትና አሥር ሜትር በባሕር ዛፍ ማሻገር ጣጣ ነው። ጉደር አጠገብ ያለው የአክስቴ ልጅም «ጋሼ፣ የእህሉን መጋዘን ግን በብረት ነው የማደርገው» ሲለኝ ሐሳቡን ወደድኩለት። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፦ በደጋ ሌሊት ባዶ ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል። ጎህ ሲቀድ ገብታችሁ ቀና ብትሉ በየሸንተረሩ የተንጠለጠለውን ጠብታ ታያላችሁ፤ እሱ ነው ጆንያው ላይ እየተንጠባጠበ በቆሎውን የሚያሻግተው። ከላይ አየር መውጫ ይተው፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ያስገባ፣ ጆንያውንም ከወለሉ በርብራብ ያንሣው።

መኖሪያውን በእንጨት ሊሠራው ተስማምተናል። ግንዱን ኅዳር ላይ ቆርጦ ልጣጩን አንሥቶ ጥላ ውስጥ ከምሮታል፤ እርጥቡን ከመታው ሲደርቅ እየተጠማዘዘ ሚስማሩን ይነቅለዋልና። የመሠረቱ ድንጋይ እየተጫነ ነው። ማገሩ የሚማገረው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የጂጊው ቀን ገና አልተቆረጠም።