ከፍለን ጫካ ገባን

ጡረታ ከወጣን በኋላ ባለቤቴና እኔ አልጋና ምድጃ ያለው ያገለገለ ካምፐር ገዛን። «ጫካ ልንገባ ነው» ብላቸው የክላርክስተን ወዳጆቼ «በዚህ ዕድሜህ ከማን ጋር ልትዋጋ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከአትላንታ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን፣ የጥንቷን የወርቅ ከተማ ዳሎኔጋን አልፈን ቮግል ፓርክ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ መንግሥት የቀጠራቸው ወጣቶች የገነቡት፣ ሐይቅ ያለው ጸጥተኛ ሥፍራ ነው። የጆርጂያ ረጅሙ ተራራ ብራስታውን ቦልድ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ከፍታው 1,458 ሜትር ነው ቢሉን ተሳሳቅን። የእኛ ፒያሳ እንኳ ይበልጠዋል!

ሌሊት ኮሽታ ተሰማ። ባለቤቴ ብንን ብላ እጄን ያዘችና «ባትሪውን አጥፋው!» አለችኝ በሹክሹክታ። በ1972 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስንሻገር፣ ቀን ተደብቀን ሌሊት ስንጓዝ፣ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። በመስኮት ባይ አጋዘን ናት። ጠርቼ አሳየኋት፤ ብዙ አየቻትና ተመልሳ ተኛች፤ እስኪነጋም አልነቃችም።

ጠዋት ቡና አፈላች። ሽታው አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችንን፣ እንደ እኛው ባልና ሚስት አዛውንቶችን፣ ስቦ አመጣቸው። «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አሏት።

«ጫካ ውስጥ ሳልፈራ ስተኛ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አለቻቸው። ነገሩ የገባኝ እኔን ብቻ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ሂዱ። ምግባችሁን ግን መኪና ውስጥ ቆልፉ፤ ድብ አለ።