ውሃ የሚጠጣው ፈርጥ

አንባቢ ሆይ፤ በአሶሳ አካባቢ በቤንሻንጉል ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡትን ሰዎች አይተው እንደ ሆነ፥ ወርቅን የሚገልጠው ውሃ መሆኑን ያውቃሉ። አሸዋውን በገበቴ ይዘው ሲያዞሩት ቀላሉ ይሄዳል፤ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከተመኛቸው ነገሮች አንዱ የዚህ አገር ወርቅ ነበር።

ዛሬ የማጫውትዎ ግን ውሃ ስለሚሰውረው ጌጥ ነው።

በአሶሳ በመንግሥት ሥራ ያለ አንድ ወጣት ወዳጄ፥ በዚያው አገር ወርቅ ለእጮኛው ቀለበት አሠርቶ፥ ፈርጡን የወሎ ኦፓል አደረገው። ልጅቱ በክረምት ልብስ ስታጥብ ውላ ብታየው፥ አረንጓዴውና ቀዩ ነበልባል ጠፍቶ ድንጋዩ የጠርሙስ ስባሪ መስሏል። «ጠርሙስ ነው የሰጠኸኝ» ብላ ቀለበቱን መለሰችለት፤ እሱም ነጋዴውን ሊከስ ተነሣ። «ክሱ አይሸሽም፤ ጥቂት ቀን ታገሥ» አልኩት። በአራተኛው ቀን ነበልባሉ እንደ ነበረ ተመለሰ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦፓል ከሲሊካና ከውሃ የተሠራ ነው። በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል የሲሊካ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚከፋፍሉ ኅብረ ቀለም ይወጣዋል። የወሎው ኦፓል ረቂቅ ቀዳዳ ስለሚበዛበት ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይጠራል፥ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ የብዙ ዕንቆች ውበት በአንድ ኦፓል መገኘቱን አድንቆ ጽፏል። ዋልተር ስኮት ግን በ1829 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ፥ ጠበል ሲነካው ቀለሙ የሚጠፋ ኦፓል ተረከ፤ ድንጋዩም በአውሮፓ የክፉ ዕድል ስም ወጣለት። የእኛ አገር ድንጋይ ያን ተረት በየቀኑ ይሠራዋል፤ እርግማን ግን የለበትም።

በአገራችን ኦፓል አስቀድሞ የታወቀው በመንዝ፥ በመዘዞ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በደላንታ፥ ወገል ጤና አጠገብ ተገኘ፤ ገበሬዎችም ገደል ለገደል ዋሻ እየማሱ ያወጡታል። ገደሉ ሲናድ ሕይወት የሚጠፋበት ሥራ ነው።

እንግዲህ ኦፓል ቢገዙ ደረቅ ሆኖ ይመልከቱት። ከሽቶና ከቅባት ያርቁት፤ የጠጣው እድፍ አይለቅምና። ከረጠበም በእሳት አያድርቁት፤ ይሰነጠቃል። በጥላ አስቀምጠው ይጠብቁት፤ ሳይደርቅም በነጋዴውም ሆነ በወዳጅዎ ላይ አይፍረዱ።