ሁለቱን አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?

የአክስቴ ልጅ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ነው የሚኖረው። ስንደዋወል የቤተሰቡን ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ የምንከራከረው በአንድ ነገር ነው። የኤድመንተን ኦይለርስ አሠልጣኝ ኮነር ማክዴቪድንና ሊዮን ድራይሳይትልን አንድ መስመር ውስጥ ማሰለፍ አለበት ወይስ የለበትም? እሱ "አንድ ላይ!" ይላል። እኔ ደግሞ ይለያዩ ባይ ነኝ። በዲፓርትመንታችን ስለ እግር ኳስ የማይጽፍ የለምና እስቲ እኔ ስለ በረዶ ሆኪ ልጻፍ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንድ ቡድን በረዶው ላይ ስድስት ሰው ያሰልፋል። አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይና ሦስት አጥቂ ማለት ነው። የገና ጨዋታ ያየ ሰው ለዱላው እንግዳ አይሆንም፤ በጥንጉ ፈንታ የሚመታው ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው። ሦስቱ አጥቂዎች፣ ማለትም መሐለኛውና ሁለቱ ክንፎች፣ አንድ ላይ "መስመር" ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጨዋታ 12 አጥቂ ስለሚያዝ አራት መስመር ይኖራል።

እግር ኳስ ለለመደ ዓይን ግራ የሚያጋባው ቅያሪው ነው። አንድ መስመር በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው። ያለ የሌለ ኃይላቸውን ያወጡና ጨዋታው ሳይቆም አጥሩን ዘለው ወደ መቀመጫቸው ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ይገባሉ። ታዲያ ምርጥ የሚባለው አጥቂ እንኳ ከ60 ደቂቃው የሚጫወተው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ነው። የቀረው 35 ደቂቃ የማን ነው? የኔ ክርክር በሙሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ማክዴቪድም ድራይሳይትልም መሐለኛ ናቸው። ማክዴቪድ በፍጥነቱ ተከላካይን አቁሞ የሚያልፍ ነው፤ ድራይሳይትል ጀርመናዊ ነው፣ ግዙፍ፣ አቀባበሉም ምቱም የሚያስፈራ። አንድ ላይ ሲሆኑ በእውነት ማየቱ ያስደስታል። በ2018-19 የውድድር ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙውን ጊዜ አብረው ይሰለፉ ነበር። ማክዴቪድ 116 ነጥብ፣ ድራይሳይትል 105 ነጥብ አስመዘገቡ። ነጥብ የሚባለው ያገቡት ጎልና ለጎል ያቀበሉት ተደምሮ ነው። ከሊጉ ሁለተኛና አራተኛ ወጡ፤ ድራይሳይትል ብቻውን 50 ጎል አገባ። ቡድኑ ግን ለጥሎ ማለፉ እንኳ አልደረሰም! እነሱ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ ሌላው መስመር ጎል አያመጣም ነበር።

በ2019 መጨረሻ አሠልጣኝ ዴቭ ቲፔት ለያያቸው። ድራይሳይትልን ከራያን ኑጀንት ሆፕኪንስና ከካይለር ያማሞቶ ጋር አደረገው። ያማሞቶ ከታችኛው ሊግ የተጠራ፣ ለሆኪ አጭር የሚባል ወጣት ነበር። እኔን የሚማርከኝ እንደሱ ያለው ሦስተኛ ሰው ነው። ፓኩ ጥግ ላይ ሲወድቅ ከሱ በራስ ከሚበልጡ ተከላካዮች ጋር አጥሩን ተደግፎ ይታገላል፣ በዱላው ጫፍ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ለድራይሳይትል ይሰጠዋል። ያ ትግል በዜና ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አያገኝም። ግን ትግሉ ከሌለ ድራይሳይትል በምን ይመታል? ያማሞቶ በዚያ ዘመን በ27 ጨዋታ 26 ነጥብ አገኘ። ድራይሳይትል በ110 ነጥብ ከሊጉ አንደኛ ሆነ፣ የዓመቱ ኮከብም ተባለ። ሁለተኛው ማን ነበር? በ97 ነጥብ ማክዴቪድ። ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት ሁለቱ አብረው ስለሚጫወቱ ቁጥሩን ሁሉ ለመለያየታቸው አልሰጥም። ቢሆንም ተለያይተውም አንደኛና ሁለተኛ መውጣታቸውን የአክስቴ ልጅ ሊክደው አይችልም።

እሱ ደግሞ መልስ አያጣም። "በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በቺካጎ 3 ለ 1 ተሸንፈው ተሰናበቱ አይደል?" ይለኛል። ከዚያ ወደ 2024 ፍጻሜ ይሄዳል። ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር ነው፤ ከሰባት ጨዋታ አራት የቀደመ የስታንሊን ዋንጫ ይወስዳል። ኦይለርስ 3 ለ 0 ተመርተው 3 ለ 3 አደረሱት። ሰባተኛው ጨዋታ በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለጀመረ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ ነው የተከታተልኩት። በሆኪ ጨዋታው ሲቆም የመጨረሻውን ቅያሪ የማድረግ መብት የባለሜዳው አሠልጣኝ ነው። ተጋጣሚው ማንን እንዳስገባ አይቶ የራሱን ይልካል። ባለሜዳዋ ፍሎሪዳ ነበረች። ከአጥቂዎች ሁሉ በመከላከል የዓመቱ ምርጥ የተባለው አሌክሳንደር ባርኮቭም እነሱ ዘንድ ነው። ፍሎሪዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። ድራይሳይትል በሰባቱ ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። "አንቺ ስሌት ታበዣለሽ፤ ከማክዴቪድ ጎን ቢሆን ያገባ ነበር" ይላል የአክስቴ ልጅ። በአንድ ጎል እየተመሩ አምስት ደቂቃ ሲቀር ከሆነ እስማማለሁ፣ አብረው ይግቡ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከሆነ ግን ባርኮቭን ሁለቱም ላይ መላክ ነው፤ አንድ ቁልፍ ለሁለት በር ይሆናል።

በ2025 ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ እንደገና ተገናኙ፤ ፍሎሪዳ 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው ስድስት ጎል ያገባው ብራድ ማርሻንድ ያኔ የ37 ዓመት ሰው ነበር፤ በማርች ከቦስተን የመጣ። የተሰለፈው ደግሞ ከአንቶን ሉንደልና ከኤቱ ሉኦስታሪነን ጋር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው! ሌሎቹ ሁለቱ በአንድ ዜና ውስጥ ስማቸው እንኳ አልተነሳም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

አሁን ጨዋታ ሳይ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ቅያሪ በተደረገ ቁጥር የገቡትን ሦስት ቁጥሮች፣ ከፊታቸው ደግሞ የተጋጣሚውን ሦስት ቁጥሮች እጽፋለሁ። በየ45 ሰከንዱ ነው። እስካሁን ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ አልፌ አላውቅም፤ እጄ ይዝላል።