አፌ ምን በደለ?

«ጨረሩ የሚመታው ጉሮሮዬ ላይ ያለውን እብጠት ነው ብላችሁኝ አልነበረ? ታዲያ አፌ ምን በደለ?»

እናቴ ይህን የጠየቀችኝ የጨረር ሕክምናዋ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ምራቋ ደርቆ፣ ምላሷ ቆስሎ፣ ሽሮው እንኳ እንደ አሸዋ ሆኖባት ነበር። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ሒሳብ የማወራርደው እኔ፣ የእናቴን ጥያቄ ማወራረድ አቃተኝ።

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ውኃን ነው። ጨረር ሕዋስን ሁልጊዜ በቀጥታ አይመታም። ገላችን አብዛኛው ውኃ ነውና ጨረሩ ውኃውን ይሰብረዋል፤ ከስብርባሪውም ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ቅንጣት ይወለዳል። ዕድሜው የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው፤ በዚያችው ዕድሜው ግን ያጠገቡን ዲኤንኤ ይነክሳል። ኤክስሬይ በዲኤንኤ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው በዚህ በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት አማትባ የምትጠጣው ውኃ! ግጥም ልጽፍበት ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ቅንጣቱን የሚይዝ ነገር ላብላት ብዬ አሜሪካ ላለችው እኅቴ ደወልሁ፤ የቫይታሚን ኢ ክኒን ላከች። ለአሥር ቀናት በእጄ አጎረስኋት። ሐኪሟ ብልቃጡን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ጋሻ ከሆነ፣ ለማን ጋሻ እንደሚሆን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ነበር፤ የአንገትና የራስ ካንሰር ያለባቸው 540 ሕሙማን የተሳተፉበት። ቫይታሚን ኢ ከቤታ ካሮቲን ጋር የተሰጣቸው በሕክምናው ጊዜ ከባድ ቁስለት ቀነሰላቸው፤ ካንሰሩ ግን ተመልሶ የመምጣት አዝማሚያው በእነርሱ በዛ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

«ለይቶ የሚጋርድስ የለም ወይ፣ ዶክተር?»

አለ። አሚፎስቲን ይባላል። የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን ከኑክሌር ጨረር ለመከለል ካስጠናቸው ውህዶች አንዱ ሲሆን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በጨረር ሕክምና ለሚመጣ የአፍ ድርቀት በዚያው አገር ተፈቀደ። የሚያነቃው ኢንዛይም በጤነኛው አካል ስለሚበዛ በአመዛኙ ወደዚያው ያደላል። ነገር ግን ያስመልሳል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል። የእናቴ ግፊት ከድሮም ዝቅተኛ ነው። «ለእርሷ አይሆንም» አሉ።

የቀራት ጋሻ ጊዜ ነበር። የታዘዘላት 70 ግሬይ በ35 ቀን ተከፋፍሎ፣ በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሰጣታል። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ጤነኛው ሕዋስ ስብራቱን ይጠግናል፤ የካንሰሩ ሕዋስ በዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ከሁሉ ቶሎ የገባኝ ይኸኛው ነው፤ በብድር ክፍል ስለሠራሁ ይሆናል። ግድግዳው ላይ በሰቀልሁት ወረቀት ያለፈውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝላት ጀመር።

35ኛው ከተሰረዘ እነሆ ሁለት ዓመት ሆነ። እብጠቱ አልተመለሰም፤ ምራቋም እንደ ቀድሞው አልተመለሰ። ቡና ሲፈላ ቆሎውን ተቀብላ ሳትዘግን ለጎረቤቷ ታሳልፋለች፤ ከዚያ ከአጠገቧ የማትለየውን የውኃ ጠርሙስ አንስታ ትጎነጫለች።