በ62 ዓመት የመጀመሪያ አልበም

አሜሪካዊው ድምፃዊ ቻርልስ ብራድሊ የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ 62 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ምግብ እያበሰለ፣ ያገኘውን ሥራ እየሠራ፣ ክፉ ጊዜ ሲመጣም የምድር ውስጥ ባቡር ላይ እያደረ ኖሯል። ልጅ ሳለ በ1962 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ) እህቱ ኒውዮርክ ወደሚገኘው አፖሎ ቲያትር ወስዳ ጄምስ ብራውንን አሳየችው፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ ከመድረክ አልወጣም። ቆይቶም በብሩክሊን ትንንሽ ክበቦች ዊግ አጥልቆ፣ በሌላ ስም፣ የጄምስ ብራውንን ዘፈኖች ይጫወት ነበር። በራሱ ስም "ኖ ታይም ፎር ድሪሚንግ"ን ያወጣው በ2011 ነው።

የድሮው ሶል ሙዚቃ አብቅቶለታል የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማስደምጠው እሱን ነው። በተለይ "ቼንጅስ"ን። ዘፈኑ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የብላክ ሳባዝ ነው፤ ሲወጣ ስለ ፍቅረኞች መለያየት ነበር። ብራድሊ ግን እናቱን እያሰበ ተጫወተው። በእሱ አንደበት ሙሾ ሆነ። እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው እንኳ ያንን ድምፅ ሰምቶ ለቅሶ መሆኑን አይስተውም።

ብራድሊን ለዓለም ያሰማው ዳፕቶን የተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው። ጋብርኤል ሮት እና ኒል ሹገርማን በ2001 አቋቋሙት፤ ስቱዲዮውንም ብሩክሊን፣ ቡሽዊክ ሰፈር፣ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ አደረጉት። ዘመኑ ሁሉን በኮምፒዩተር ሲቀዳ እነሱ ባለ 8 ትራክ ቴፕ ላይ ቀዱ። ይሄ ለማስመሰል የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ትራኩ ስምንት ብቻ ከሆነ ማይክሮፎን እንዳሻህ አታበዛም። ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ገብተው አብረው ይጫወታሉ፤ የድራሙ ድምፅ በትራምፔቱ ማይክሮፎን ይገባል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማሉ። ስለዚህ ዘፈኑን አጥንተው፣ ተላምደውት ነው የሚገቡት። እኛ ስንሰማ "የድሮ ነገር አለው" የምንለው ይህንን መደማመጥ ይመስለኛል።

የቤቱ እመቤት ሻሮን ጆንስ ነበረች። በ1996 ለድምፃዊው ሊ ፊልድስ ቀረጻ ሦስት ተቀባዮች ተጠርተው የመጣችው እሷ ብቻ ነች፤ የሦስቱንም ድምፅ ብቻዋን ሠርታ ሄደች። ከዚያ በፊት ሪከርስ አይላንድ እስር ቤት ጠባቂ፣ ቀጥሎም የገንዘብ ማጓጓዣ መኪና አጃቢ ሆና ሠርታለች። አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ሰው ቁመቷን፣ ውፍረቷን፣ የቆዳዋን ጥቁረትና ዕድሜዋን ቆጥሮ እንደማትሆን ነግሯት ነበር። ከባንዷ ከዳፕ ኪንግስ ጋር የመጀመሪያ አልበሟ ሲወጣ 46 ዓመቷ ነው። በ2013 የጣፊያ ካንሰር ተገኘባት፤ ፀጉሯ በሕክምናው ረግፎ፣ ራሷን ሳትሸፍን መድረክ ላይ ስትጨፍር የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች ፈልጋችሁ እዩ። በ2016 አረፈች፤ ብራድሊ በዓመቱ ተከተላት።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የጆንስን ባንድ ሰምቷል። የኤሚ ዋይንሃውስ "ባክ ቱ ብላክ" አልበም (2006) ላይ ግማሽ ያህሉን ዘፈን የተጫወቱት ዳፕ ኪንግስ ናቸው።

ዛሬ ይህንን ሶል ከሚጫወቱት ወጣቶች ውስጥ ሁሉም እኩል አይደሉም። ኮቱንና ጫማውን አሳምረው ድምፁን የረሱ አሉ። ሊዮን ብሪጅስን ግን እወደዋለሁ፤ በ2015 "ካሚንግ ሆም" ሲወጣ ሰዎች ከድሮው ድምፃዊ ከሳም ኩክ ጋር አስተያዩት፤ እሱ ግን እዚያው አልተቀመጠም። የሳን ዲዬጎዎቹ ዚ ሴክረድ ሶልስም በ2022 ባወጡት አልበም ቀስ ያለውን፣ ለስለስ ያለውን ሶል መልሰው አምጥተዋል። ለማታ ጥሩ ናቸው።

ይህ ድምፅ ለአማርኛ ሰሚ እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት አለው። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሳደጓቸው የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ፣ በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ፣ እነዚህ ሁሉ ከሶል ጋር በዘመኑ ሲነጋገሩ ነበር። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ በዳፕቶን ሲያሳትም የነበረው ቡዶስ ባንድ ከእኛ ሙዚቃ መማሩን ራሱ ይናገራል። እስራኤል ውስጥ አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን "ናኑ ናኑ ነይ" በሶል አዋዝታ ተጫውታዋለች። በልጅነቱ በሱዳን በኩል እስራኤል የገባው ጊሊ ያሎም በ2017 በወጣው አልበሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዘፍናል።

ልቤን የሚነካው ግን የግርማ በየነ ታሪክ ነው። የዚያ ዘመን አቀናባሪ፣ ፒያኒስትና ድምፃዊ። በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ድምፁ ጠፋ። መልሰው ስቱዲዮ ያስገቡት አካሌ ውቤ የተባሉ የፓሪስ ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች ናቸው፤ አልበሙ በ2017 ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። ዳፕቶን ለብራድሊ ያደረገውን እነሱ ለግርማ አደረጉ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ይህንን ማድረግ የነበረብን እኛ ነበርን።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን አዳከመ፤ በኋላም ኪቦርድ መጥቶ የሳክስፎኑንና የትሮምቦኑን ቦታ ያዘ። ኪቦርዱ ርካሽ ስለነበር አልፈርድም። አሁን ግን ዘፈን የምታቀናብሩ ልጆች አቅሙ አላችሁ፤ ጆሮውም አላችሁ። በዚያ ዘመን የነፉ፣ የመቱ፣ የዘፈኑ ሰዎች ጥቂቶች ቢሆኑም ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ ከእናንተ ቤት ብዙም አይርቁም። ቀብራቸው ላይ ዋሽንት ከማስነፋት በፊት ደውሉላቸው፣ ስቱዲዮ አስገቧቸው፣ ከፍላችሁም አስቀዷቸው።