የቀረችው እኅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሲ. ኤስ. ሉዊስን ሰባት የናርኒያ መጻሕፍት ማንበብ የጀመርሁት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው በመጀመሪያው መጽሐፍ ኤድመንድ የተባለው ልጅ በጣፋጭ ተታልሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ለጠንቋይዋ አሳልፎ ይሰጣል። አንበሳው አስላን ግን በእርሱ ፈንታ ይሞታል፤ ሞትንም ድል አድርጎ ይነሣል። ደራሲው ስለ ማን እንደሚናገር ለመረዳት አስረጂ አላስፈለገኝም።

በ1956 የታተመው የመጨረሻው መጽሐፍ ግን ቅር አሰኘኝ። የናርኒያ ወዳጆች በፍጻሜው ሲሰበሰቡ የኤድመንድ ታላቅ እኅት ሱዛን በመካከላቸው የለችም። የት እንዳለች ሲጠየቅ ወንድሟ ፒተር ከእንግዲህ የናርኒያ ወዳጅ አለመሆኗን ባጭሩ ይናገራል። አንዲቱም ሐሳቧ ሁሉ በከንፈር ቀለምና በግብዣ እንደ ተያዘ ታክላለች። ከዚያም ነገሩን ትተው ፍሬ ወዳፈሩት ዛፎች ዘወር ይላሉ። አሳልፎ ለሰጠው ሞት ተከፍሎለት ሳለ፣ ለዘነጋችው እንባ እንኳ እንዴት ይታጣል? መጽሐፉን በቁጣ ዘጋሁት።

በዚያው ሳምንት ከመዝሙር ጥናት በፊት አንድ አዲስ አባል፣ ከእኛ ጋር ታገለግል ስለነበረችና ከቀረች ወራት ስላለፏት እኅታችን ጠየቀኝ። «እርሷንማ ዓለም ወሰዳት» አልሁና ወደ መርሐ ግብሩ ተመለስሁ። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ደነገጥሁ፤ የፒተር ቃል ነበር። የስልክ ቁጥሯ በእጄ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልደወልሁላትም።

ሉዊስ ኋላ ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሱዛን በታሪኩ መጨረሻ በሕይወት እንዳለችና ለመመለስ ጊዜ እንዳላት ገልጿል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን እወድ ነበር። የእኛ ታሪክ ግን ገና አልታተመም።

በዚያ ምሽት ደወልሁላት። ስለ መቅረቷ ሳይሆን ስለ ጤንነቷ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ዲያቆን፣ የረሳችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እስከ አሁን ወደ አገልግሎት አልተመለሰችም፤ እኔም መደወሌን አልተውሁም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን አንዲቱን በግ ይፈልጋል (ሉቃ. 15)። እኛስ በየጉባኤያችን የቀሩትን ስም የምናነሣው ልንፈልጋቸው ነው ወይስ ልንፈርድባቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።