የትንፋሽ ሂሳብ

በሕንፃ ግንባታ ቦታ ጎበዝ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ክርክር የለም፤ ብዙ ጆንያ ያወጣ፣ ቶሎ የተመለሰ፣ ደረጃ ላይ ያልቆመ ነው። እኔም ሰውን የምመዝነው በዚሁ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የማንም ምክር ሳይሆን የኦክስጅን ሂሳብ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። ሲሚንቶ እንሸከማለን፣ አሸዋ በባሬላ እናመላልሳለን፤ ሶሌታ የሚሞላ ቀን ደግሞ እስኪመሽ ቁጭ ማለት የለም። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው አብረውን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሃምሳ ኪሎውን ተሸክመው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጆንያውን ግድግዳ ያስደግፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ። ካፖው ከታች ሆኖ "ምን ይገትርዎታል?" እያለ ይጮኻል። እኔ በጎናቸው ሽው ብዬ አልፋለሁ። "አንተ ልጅ፣ ቀኑ ገና ነው፤ ቀስ በል" ይሉኛል። ካፖው እኔን ለሌላው ምሳሌ ሲያደርገኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

ትምህርቴ ስፖርት ሳይንስ ስለነበር በኋላ የትንፋሽ መለኪያ ጭምብል አጥልቄ መሮጫ ማሽን ላይ ወጣሁ። ጎማው ጉንጭን ይጫናል፣ ምራቅ አገጭ ላይ ይጠራቀማል፣ መናገር ስለማይቻል "ይቀጥል" የሚባለው በአውራ ጣት ነው። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ከምንስበው አየር 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው፤ ስናስወጣው ወደ 16 ወይም 17 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱና የተነፈስነው አየር ብዛት ሲሰላ ሰውነት በደቂቃ የተጠቀመው ኦክስጅን ይታወቃል። በአንድ ሊትር ኦክስጅን ሰውነት 5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል።

እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሂል በ1920ዎቹ ዓመታት ትንፋሽ ማጠራቀሚያ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ራሱ እየሮጠ ሲለካ ያገኘው ነገር ነው እኔን የያዘኝ። ፍጥነት ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታውም ይጨምራል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል። ይህ የእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ነው። ስፖርተኞች ቪኦቱ ማክስ የሚሉት እሱን ነው። ሥልጠና ከፍ ያደርገዋል፤ ዕድሜ ደግሞ ይቀንሰዋል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ጣሪያው ትንሽ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል ተብሎ ይታሰባል። ባለሙያዎች የሚገለገሉበት የሥራ ክብደት ሠንጠረዥ ከ34 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትን የዚህ 12 እጥፍ ያደርገዋል፤ 42 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የእኔ ጣሪያ 50 ቢሆን ተጨንቄም ቢሆን እወጣለሁ። የጋሼ 35 ቢሆንስ? ሥራው ከጣሪያቸው በላይ ነው። ጥቂት ደረጃ የሚወጡት ጡንቻ ያለ ኦክስጅን በሚያገኘው ጉልበት ነው፤ እሱ ብድር ነው፣ ቆሞ በመተንፈስ ይከፈላል። መታጠፊያው ላይ የሚደረገው ይኸው ነበር።

ጋሼ ስለ ቀኑ ርዝመትም የተናገሩት ልክ ነበር። ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመከረው አማካይ የኦክስጅን ፍጆታው ከጣሪያው ሲሶ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ ያው ጆንያ፣ ያው ደረጃ፣ ያው የቀን ክፍያ ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች የሚከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም። የሸክሙን ኪሎ ጆንያው ላይ ታነበዋለህ፤ የተሸካሚውን ድርሻ ግን ማንም አልጻፈልህም።

ዛሬ የምሠራው በግንባታ ቦታ የሥራ ደኅንነት ላይ ነው። ጭምብል ይዤ አልዞርም። የልብ ምት መቁጠር ይረዳል፤ ነገር ግን ሙቀት፣ ድንጋጤና በእጅ ጨብጦ መያዝ ምቱን ከኦክስጅኑ በላይ ያሳድጉታል፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አልፈርድም። ሸክም የያዘውን ሰው "እንዴት ነው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ከመለሰ ደህና ነው፤ በየቃሉ መሃል አየር ከሳበ ጆንያውን ለሁለት እናካፍላለን ወይም የዕቃ ማንሻ ማሽኑ እስኪለቀቅ እንጠብቃለን።

"ሥራ ይጓተታል" የሚለኝ ካፖ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ያንኑ ሂሳብ ወረቀት ላይ አሳየዋለሁ፦ ደረጃ ላይ የሚቆመው ሰው የሚተነፍሰው ቅድም ለሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ያቺ ደቂቃ ከሥራ ሰዓት ትቆጠራለች፤ ክፍያዋም አይቀነስም።